ከመውጣት በፊት መውረድ፦ ፖል ዳንስን በቤት ውስጥ ለመጀመር ለጠየቁን የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው። ዱባይ የምትኖር እህቴ በወለልና በጣሪያ መካከል ተወጥሮ የሚቆም፣ 45 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፖል ዳንስ ምሰሶ አምጥታልኛለች፤ እስካሁን አልተከልኩትም። አንድም ፑልአፕ (በብረት ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) አልችልም፤ ጎንበስ ስል ጣቶቼ ቅልጥሜ ላይ ይቀራሉ። በአቅራቢያዬ የሚያስተምር ሰው አላገኘሁም። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ጉልበትና መተጣጠፍ አዳብሬ ተዘቅዝቆ እስከ መንጠልጠል መድረስ እችላለሁ? በስንት ጊዜ? ጾመኛ ስለሆንኩ በዐቢይ ጾም ምን ማድረግ አለብኝ?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጠየቁት ውስጥ አብዛኛውን በቤትዎ፣ በራስዎ ጥረት ሊደርሱበት ይችላሉ፤ ተዘቅዝቆ መንጠልጠሉን ግን ብቻዎን በሆኑበት ክፍል ውስጥ በጭራሽ አይሞክሩት። ጊዜውን በተመለከተ፣ እንደ እርስዎ ከወንበር ሥራ ተነሥተው የጀመሩ ሰዎችን ሳሠለጥን እንዳየሁት፣ በሳምንት ሦስት ቀን በትጋት የሚሠራ ሰው እግሩን ከመሬት አንሥቶ በምሰሶው ዙሪያ ለመዞር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ሳይወናጨፍ በገዛ ጉልበቱ ለመገልበጥ ደግሞ ከአምስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። ከዚህ ባጠረ ጊዜ የደረሱ አሉ፤ ከእነርሱ መካከል ግን ክርናቸውን ወይም ትከሻቸውን ይዘው ወደ ሕክምና ክፍሌ የመጡት ጥቂት አይደሉም።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በሰርከስ ውስጥ የቻይና ምሰሶ በሚባለው ትርኢት ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ያን ጊዜ አሠልጣኛችን ለአንድ ወር ያህል ምሰሶውን እንድንወጣ አልፈቀደልንም ነበር። በመሰላል ያወጣንና ምሰሶውን ይዘን እንድንወርድ ያደርገናል፤ እርሱ ከታች ቆሞ ከአንድ እስከ አሥር ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ አሥር ሳይባል እግሩ መሬት የነካ ልጅ ተመልሶ መሰላሉን ይወጣል። ምክንያቱ የገባኝ የሰውነትን አሠራር በትምህርት ካወቅሁ በኋላ ነው። ጡንቻ እያጠረ ከሚያነሣው ሸክም ይልቅ እየረዘመ የሚያወርደው ሸክም ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ፑልአፕ የማይችል ሰው እንኳ በርጩማ ላይ ቆሞ አገጩን ከብረቱ በላይ ካደረሰ በኋላ ራሱን በአራትና በአምስት ሰከንድ ቀስ አድርጎ ማውረድ ብዙውን ጊዜ አያቅተውም፤ ይህንኑ ሲደጋግም መውጫው ጉልበት እየተከተለ ይመጣል። ከዚህም ሌላ፣ በምሰሶ ላይ የሚደርሰው ክፉ አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ሰው ጉልበቱ ሳይፈቅድለት በውርወራ ወጥቶ መውረጃው ሲጠፋው ነው። እኔ ለተማሪዎቼ በሙሉ የምሰጠው መለኪያ ይህ ነው፦ ከአንድ ቦታ ዝግ ብለው፣ እየተቆጣጠሩ መውረድ እስኪችሉ ድረስ ወደዚያ ቦታ አይውጡ። ከዚህ በታች የምጽፍልዎት ሁሉ ከዚህ መለኪያ የሚነሣ ነው።

ምሰሶውን እስካሁን አለመትከልዎ እፎይ አሰኝቶኛል፤ ከጽሑፍዎ ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ «አራተኛ ፎቅ» የሚለው ነውና። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ስላላቸው እርስዎ በመጨረሻው ወለል ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በመጨረሻው ወለል ላይ ደግሞ ከራስዎ በላይ ያለው ኮርኒስና ቆርቆሮ እንጂ ሶሌታ ላይሆን ይችላል። ተወጥሮ የሚቆም ምሰሶ ጸንቶ የሚቆመው ጣሪያውን ወደ ላይ፣ ወለሉን ወደ ታች በኃይል በመግፋት ብቻ ስለሆነ፣ ቺፑድም ሆነ ጂፕሰም ይህን ግፊት አይችልም፤ የሚችል ቢመስል እንኳ ሰው ተንጠልጥሎ ሲዞር የሚጨመረውን የጎን ጉተታ አይሸከምም። ሶሌታ ከሆነም ነገሩ በዚህ አያበቃም። በእነዚህ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ሶሌታዎች ተዘጋጅተው የመጡ ቢሞች ተደርድረው በመካከላቸው ክፍት ብሎኬት ገብቶባቸው የተሠሩ ስለሆኑ፣ የምሰሶው የላይኛው ሳህን ማረፍ ያለበት ከቢሙ ሥር ነው፤ ሁለት ቢሞች መሃል ባለው ብሎኬት ላይ ካረፈ ብሎኬቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሕንፃውን የሚያውቅ መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው ግንበኛ መጥቶ የቢሙን መስመር በእርሳስ ያስምርልዎት። ከላይዎ ያለው ኮርኒስ ብቻ ሆኖ ከተገኘ ምሰሶውን በታችኛው ፎቅ ባለ የዘመድ ወይም የጓደኛ ቤት ይትከሉት፤ ወይም በራሱ መድረክ ላይ የሚቆም ሌላ ዓይነት ምሰሶ እስኪያገኙ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ምሰሶ ይሥሩ፤ የሚያጡት ነገር ትንሽ መሆኑን ከታች ያዩታል።

ሲተክሉ በሁለት ጎን ውሃ ልክ ይያዙበት፤ ትንሽ ዘንበል ያለ ምሰሶ ሰው ሲዞርበት ቀስ በቀስ ይላላል። በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልግዎታል፤ የአልጋ ጠርዝ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ የመስታወት ጠረጴዛ ከዚያ ክልል ይውጡ። ሴራሚክ ወለል ከሆነ ከታችኛው ሳህን ሥር ያለው ላስቲክ ንጹሕና ደረቅ መሆኑን ይመልከቱ። ልምምድ በጀመሩ ቁጥር ደግሞ ምሰሶውን በሁለት እጅ ይዘው በሙሉ ክብደትዎ ወደ አራቱም አቅጣጫ ይግፉትና ይሳቡት። ምሰሶዎ ሁለት አሠራር ያለው ከሆነ፣ ማለትም ዝም ብሎ የሚቆምና ራሱ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት እንዳይሽከረከር አድርገው ይቆልፉት።

ብዙ ጀማሪዎች «ጉልበት የለኝም» የሚሉት ምሰሶው ሲያንሸራትታቸው ነው። ይህን ለመረዳት ሦስቱን የምሰሶ ዓይነቶች ማነጻጸር ይጠቅማል። በህንድ ማላካምብ የሚባለው ጥንታዊ ስፖርት የሚሠራበት ምሰሶ እንጨት ነው፤ ቆዳን እንዳይልጥ በጉሎ ዘይት ይታሻል። እኔ የሠራሁበት የቻይና ምሰሶ ላስቲክ የለበሰ ስለሆነ ረጅም ልብስና ጫማ አድርገን ነበር የምንወጣው፤ ያለ ልብስ ከሆነ ላስቲኩ ቆዳን ያቃጥላል። የእርስዎ ምሰሶ ግን የተወለወለ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ጨርቅን አይዝም፣ የሚይዘው ቆዳን ነው። በፖል ዳንስ ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ የሚለበሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጭን፣ የቋንጃና የብብት ቆዳ እንደ እጅዎ መዳፍ ሁሉ መያዣ ነው። ቤተሰብ ስለ አለባበሱ ወይም ስለ ዳንሱ ስም ጥያቄ ቢያነሣብዎ ይህን በግልጽ ማስረዳት ይችላሉ። አብዛኛዎቹን እንቅስቃሴዎች በሰሜን አሜሪካ የምሽት ክበቦች የሠሩ ሴቶች እንዳዳበሯቸው መደበቅ አያስፈልግም፤ ሙያው የእነርሱ ባለዕዳ ነው። በሌላ በኩል ዓለም አቀፉ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን ከተቋቋመበት ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደ ጂምናስቲክ ሁሉ በዳኞች የሚመዘን ውድድር ሆኗል፤ ለእርስዎ የመጣልዎት የ45 ሚሊሜትር ውፍረትም ለውድድር የሚጠቀሙበት ልክ ነው።

እንግዲህ መያዣው ቆዳ ከሆነ ጠላቱ ቅባት ነው። በልምምድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሎሽንም ሆነ ቫዝሊን እጅና እግርዎን አይቀቡ። ጸጉርዎን ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብተው ከሆነ በሻሽ ጠቅልለው ይሰሩት፤ ሳያስቡት ግንባርዎን ያበሱበት እጅ ምሰሶውን ሲነካ ብረቱ ላይ የሚቀረው ስስ ቅባት ሙሉ ልምምድዎን ያበላሻል። ከመጀመርዎ በፊትና በየመሃሉ ምሰሶውን አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። እጃቸው የሚያልባቸው ሰዎች የጂምናስቲክ ማግኒዥየም ዱቄት ይረዳቸዋል። በሌላ በኩል በጣም የደረቀ ቆዳና በጣም የቀዘቀዘ ብረትም አይያያዙም፤ በሐምሌ ማለዳ ምሰሶው እንደ በረዶ በሚሆንበት ጊዜ ልምምዱን ወደ ከሰዓት ያዛውሩት፤ ካልሆነም በእጅዎና በጭንዎ አሽተው ያሙቁት። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ። ከውስጥ ጭን ላይ መበለዝና በመዳፍ ላይ መጅ ማውጣት የሚጠበቅ ነው፤ ውሃ የቋጠረ መዳፍ ይዘው ግን አይቀጥሉ፤ ቆዳው ሲላጥ እጅ ሳይታሰብ ይለቃል።

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሥራ ያለ ምሰሶም ይሠራል፤ የሚያስፈልግዎት በበር መቃን ላይ የሚታሰር ጠንካራ የመንጠልጠያ ብረት፣ በርጩማ፣ ነጠላና ወለል ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚሠለጥነው ክንድ አይደለም፤ ከጀርባ ላይ እንደ ዝርግ ሳህን የተኛው የትከሻ አጥንት ነው። እጅዎን ከብብትዎ በታች አሻግረው የዚያን አጥንት ጠርዝ ይንኩ። ሌላውን እጅዎን ወደ ላይ ሲዘረጉ አጥንቱ ወደ ውጭና ወደ ላይ ሲሸሽ ይሰማዎታል። አሁን ክርንዎን ሳያጥፉ ትከሻዎን ከጆሮዎ ያርቁት፤ አጥንቱ ወደ ታች ተንሸራቶ ከጎድን አጥንትዎ ጋር ሲጣበቅ ይታወቅዎታል። ያ ሁለት ሣንቲ ሜትር የማይሞላ እንቅስቃሴ የፖል ዳንስ ሁሉ መሠረት ነው። ይህን ሳያደርግ የሚንጠለጠል ሰው ክብደቱ በጡንቻ ሳይሆን በመገጣጠሚያው ጅማት ላይ ያርፋል፤ ሕክምና ክፍሌ ውስጥ «እጄን ወደ ላይ ሳነሣ ይወጋኛል» የሚሉኝ ጀማሪዎች አብዛኞቹ ጥፋታቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ ብረቱን ይያዙ፤ እግርዎ በርጩማው ላይ ሆኖ ከክብደትዎ ግማሹን እየተሸከመ፣ ክርን ሳይታጠፍ ትከሻን ብቻ ወደ ታች ማውረድና መልቀቅ፣ ስምንት ጊዜ፣ በሦስት ዙር። ቀጥሎ አገጭዎን ከብረቱ በላይ አድርገው በሰከንድ እየቆጠሩ መውረድ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ፣ በሦስት ዙር፣ በየዙሩ መሃል ሁለት ደቂቃ ማረፍ። ሦስት ሰከንድ ብቻ ቢችሉ በሦስት ይጀምሩ፤ ስምንት ሰከንድ ሲደርሱ በርጩማውን ይተውታል። ለሆድ ደግሞ በጀርባ ተኝቶ ወገብን ከወለሉ ጋር አጣብቆ፣ ትከሻንና እግርን ትንሽ ከመሬት አንሥቶ ለሃያ ሰከንድ መቆየት ከተኙበት ደጋግሞ ቁጭ ከማለት (ከሲትአፕ) ይሻላል፤ ምሰሶው ላይ ሲገለበጡ የሚፈለገው ይኸው ቅርጽ ነውና። ለመግፊያ ጡንቻ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ፑሽአፕ ይበቃል። ለመያዣ ጉልበት ደግሞ ውሃ የሞላ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ ይዞ ቀጥ ብሎ መራመድ ጥሩ ሥራ ነው፤ ውሃ በሚጠፋበት ቀን አራት ፎቅ ሲያወጡ ወገብዎ ወደ ጎን እንዳይዘም ይጠንቀቁ፣ እጅም ይቀያይሩ።

እነዚህን በተከታታይ ቀናት አይሥሯቸው። በሁለት ልምምዶች መካከል የአንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ይኑር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበትዎ በፍጥነት ሲጨምር ያያሉ፤ ያ ጭማሪ በዋናነት አንጎልዎና ነርቮችዎ ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ስለ ለመዱ ነው። ጡንቻ ራሱ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። አደገኛው ወቅት እንግዲህ ሦስተኛው ወር ገደማ ነው፤ ክንድ «እችላለሁ» ሲል ክርን ገና አልደረሰም። ከክርንዎ በውስጥ በኩል ባለው ጉብታ ላይ ሲጫኑት የሚያም ቦታ ከተፈጠረ፣ የመያዝ ሥራውን ለሁለት ሳምንት በግማሽ ይቀንሱ።

ወደ ምሰሶው ሲሄዱ የመጀመሪያው ትምህርት ወለል ላይ ነው። ምሰሶውን ፊት ለፊት አድርገው ይቁሙ፤ አንዱን እጅ ከራስ በላይ፣ ሌላውን ደረት ላይ፣ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች በተቃራኒ ዞሮ ብረቱን እንዲያቅፍ አድርገው ይያዙ። ትከሻዎን ከጆሮ ያርቁና በስምንት ቁጥር ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ቁጭ ይበሉ፤ እግርዎ በሚያስፈልገው መጠን ይርዳዎት። ከዚያ እጅ እየቀያየሩ ይነሡ። ቀላል ይመስላል፤ አምስተኛው ላይ ግን መዳፍዎ ብረቱ ላይ ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማሉ፣ ያ ድምፅ ቆዳዎ በትክክል መያዙን የሚነግርዎ ነው። በየሳምንቱ ከእግርዎ የሚያገኙትን እርዳታ ይቀንሱ።

ቀጥሎ ክርንን አጥፎ፣ ምሰሶውን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ ሁለቱንም እግር ከመሬት አንሥቶ ለሦስት ሰከንድ መቆየት ነው። አምስት ሰከንድ በሁለቱም ወገን ሲሆንልዎ ፋየርማን የሚባለውን የመጀመሪያ ዙር መማር ይችላሉ። ስሙ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከፎቅ ከሚወርዱበት ምሰሶ የመጣ ነው፤ እርሱም መውረድ ነው። በምሰሶው ጎን ይቆሙና የቅርቡን እጅ ከፍ፣ የሩቁን እጅ ደረት ላይ አድርገው ይይዛሉ፤ ሁለት እርምጃ ተራምደው የውጭውን እግር በሰፊው ያዞራሉ፤ ሁለቱ ጉልበቶች ምሰሶውን ከሁለት ወገን ሲቆነጥጡት ሰውነት በራሱ እየዞረ ይወርዳል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ወደ ምሰሶው በመዝለል ነው። መዝለል አያስፈልግም፤ ዙሩ የሚመጣው ከውጭው እግር ሰፊ እርምጃ ነው። የታችኛውን እጅ አዙሮ ምሰሶውን የሚገፋበትን አያያዝ ለኋላ ያቆዩት፣ የእጅ አንጓን ስለሚጭን። የላይኛውን እጅ ጠምዝዞ የሚይዘውን አያያዝ ግን በዓመቱ ውስጥ ባያስቡት እመርጣለሁ፤ ትከሻን በተጠማዘዘበት ያንጠለጥለዋልና።

መውጣቱ ከዚያ ይከተላል። የአንድ እግር የላይኛው ገጽና ቅልጥም ከምሰሶው ፊት ተሻግረው፣ የሌላው እግር ባት ከኋላ ደግፎ፣ ሁለቱ እንደ መቆንጠጫ ሆነው ሲይዙ ክንድ ያርፋል፤ ወጣ ብለው ይቆሙበታል። በመጀመሪያው ቀን አንድ እርምጃ ወጥተው ያንኑ እርምጃ በእግር እየያዙ ይውረዱ፤ ተንሸራቶ መውረድ ቆዳን ከማቃጠሉም በላይ መቆጣጠርን አያስተምርም። በጭን መካከል ምሰሶውን አጥብቆ መቀመጥንም በዚህ ጊዜ ይማራሉ። በእርግጥ ያማል፤ የውስጥ ጭን ቆዳ እስኪለምድ ሦስት አራት ሳምንት ይወስዳል። የሠሩትን ሁሉ በደካማው ወገን ጀምረው በጠንካራው ይጨርሱ፤ በአንድ ወገን ብቻ የሠለጠነ ሰው ከጊዜ በኋላ አከርካሪው ይነግረዋል።

መተጣጠፍን በተመለከተ፣ ጣትዎ ቅልጥምዎ ላይ መቅረቱ አያሳፍርም፤ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው የጭኑ የኋላ ጡንቻ እንዲህ ይሆናል። ሁልጊዜ ከልምምድ በኋላ፣ ሰውነት ሲሞቅ ይሥሩት። በጀርባዎ ተኝተው የታጠፈ ነጠላ በውስጥ እግርዎ ላይ ያሳልፉና፣ ጉልበትን ትንሽ አላልተው፣ እግሩን መወጠር እስኪሰማ ድረስ ይሳቡ፤ ለሠላሳ ሰከንድ ይቆዩ። ከዚያ ለስድስት ሰከንድ ያህል እግሩን ወደ ታች፣ ወደ ነጠላው ይግፉ፤ ይልቀቁና እግሩ የፈቀደውን ያህል ትንሽ ያስጠጉት። ሦስት ጊዜ በየእግሩ። መወጠሩ ከጭን መሃል ይሰማ፤ ባት ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘረ የተወጠረው ጡንቻ ሳይሆን ነርቭ ስለሆነ የእግር ጣትን ወደ ፊት ለቀቅ ያድርጉ። ለትከሻ ደግሞ ጋቢ ጠቅልለው ከላይኛው ጀርባዎ ሥር፣ በመስቀለኛው በኩል ያስገቡና እጅዎን ከራስዎ በላይ ዘርግተው ለሁለት ደቂቃ ይተኙ፤ ከወንበር ሥራ ለመጣ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም አላውቅም። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነጠላውን ይተዉና ያንኑ እግር በራሱ ጡንቻ አንሥተው ለአምስት ሰከንድ ይያዙት፤ ምሰሶ ላይ እግርዎን የሚስብልዎ ሰው የለም።

ስፕሊት (እግርን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ወለል ላይ መቀመጥ) ለማድረግ አይቸኩሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ ሰው «ትንሽ ነው የቀረህ» ብሎ ዳሌዬን በሁለት እጁ ወደ ወለሉ ተጫነው። ከመቀመጫ አጥንቴ ሥር አንድ ነገር እንደ ክር ሲበጠስ ተሰማኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ታክሲ ውስጥ በአንድ ጎኔ ነበር የምቀመጠው። መወጠር ከጡንቻው መሃል ከተሰማ ይቀጥሉ፤ በመቀመጫው አጥንት ላይ፣ በብሽሽት ወይም ከጉልበት ኋላ ነጥብ ሆኖ የሚወጋ ከሆነ ያቁሙ። ማንም ሰው በእጁ እንዲጫንዎ አይፍቀዱ።

ተዘቅዝቆ ስለ መያዝ፣ ማለትም ኢንቨርት ስለሚባለው፣ በመጀመሪያ የዓይን ግፊት ወይም ግላኮማ፣ ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት፣ ወይም የአንገት ሕመም ካለብዎ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይግቡበት። መንገዱን በወለል ላይ ይማሩታል፤ ምሰሶውን በብብትዎ አጠገብ አድርገው በጀርባ ይተኙ፣ በሁለት እጅ ይያዙት፣ ጉልበትን ወደ ደረት ሰብስበው ዳሌን ከወለሉ ያንሡ፣ እግሮችን ከፍተው ምሰሶውን በመካከላቸው ያስገቡ፤ ከዚያ በአምስት ቁጥር ይመለሱ። ቆመው ሲሠሩትም ሥራው ያው ነው፤ ምሰሶው ከጎንዎ ጋር ተጣብቆ፣ ክርን ተቆልፎ፣ ደረት ወደ ኋላ ሲጋደም ጉልበት ወደ ደረት ይሰበሰባል። እግር ከመሬት ተስፈንጥሮ መነሣት የለበትም። ጉልበትን ሰብስቦ አንሥቶ በአምስት ሰከንድ ማውረድን በየወገኑ አምስት ጊዜ እስኪችሉ፣ ያንንም በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት የተለያዩ ቀናት እስኪደግሙት ድረስ ዳሌዎ ከራስዎ በላይ አይሂድ።

ያ ቀን ሲደርስ አጠገብዎ ሰው ይኑር። የሚደግፍዎ ሰው አንዱን እጁን ዳሌዎ ላይ፣ ሌላውን የላይኛው ጀርባዎ ላይ አድርጎ ጭንቅላትዎንና አንገትዎን ይጠብቃል፤ እግር መያዝ አይጠቅምም፣ እንዲያውም መውረጃ ያሳጣል። በከተማችን እንደ ፍካት ሰርከስ ያሉ ቡድኖች ያፈሯቸው አክሮባቶችና የጂምናስቲክ አሠልጣኞች አሉ፤ ፖል ዳንስ ባያውቁ እንኳ የተገለበጠን ሰው መደገፍ ሥራቸው ነው፤ ለአራትና ለአምስት ቀን አንዱን ከፍለው ቢያመጡ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጥብዎታል። የቤት ስፖንጅ ፍራሽ በአደጋ መከላከያ ምንጣፍ ምትክ አይሆንም፤ ቁርጭምጭሚት ይሰምጥበትና ይጠመዘዛል። ቢያንስ አሥር ሣንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ያለ የጂምናስቲክ ምንጣፍ ይፈልጉ፤ ምንጣፉ ግን እጅ ለመልቀቅ ፈቃድ አይደለም። ቢደነግጡም ቢደክሙም ሁለቱም እጆች ምሰሶው ላይ ሆነው እግር በመጣበት መንገድ ይመለስ።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጉልበት ለመጨመር አያቅዱ፤ ያለዎትን ለማቆየት ይሥሩ። ጡንቻ እንዲያድግ ለሚፈልግ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ስድሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 96 ግራም መሆኑ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ለሚበላ ጾመኛ ይህን በሽሮ፣ በምስር፣ በሽምብራና በባቄላ መሙላት ከባድ ነው። ስለዚህ የዙሮቹን ቁጥር በሲሶ ይቀንሱ፤ ቀስ ብሎ መውረዱን ግን አይተዉት። ልምምዱን ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያድርጉት። ምግብም ውሃም ባልቀመሱበት ሰዓት መተጣጠፍን ብቻ ይሥሩ፤ ምሰሶ አይውጡ፤ ራስን የሚያዞረው ያኔ ነውና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቀስ ብሎ የመውረድ ልምምድ ከሌላው ይልቅ ጡንቻን ያሳምማል፤ ሕመሙም በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ይበረታል። ይህ የተለመደ ነው። ነገር ግን ክንድዎ አብጦ መታጠፍ ካቃተውና ሽንትዎ እንደ ቡና ከጠቆረ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ነገ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። በአንድ ልምምድ ሦስት ጊዜ በሦስት ዙር፣ ማለትም ዘጠኝ መውረድ ብቻ ያልኩት ለዚህ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ለክተው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፦ አገጭዎ ከብረቱ በላይ ሆኖ ጀምረው ክርንዎ እስኪዘረጋ ድረስ በቀኝዎና በግራዎ እኩል እየተሸከሙ ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀብዎ፣ እንዲሁም ግንበኛው ያሰመረው መስመር ከየትኛው ክፍል ላይ እንዳረፈ። ቀጣዩን የሁለት ወር ሥራ በእነዚህ ልክ አዘጋጅልዎታለሁ።